«የቻይናውያን አባባል» ሲሉን ሰነዱን እንጠይቅ



ከመካከላችን አንዱ ለኢንተርንሺፕ መንገድ ሥራ ላይ ተመድቦ ነበር። የድርጅቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ተቋራጩ የቻይና ነው፣ ሠራተኛው የኛው አገር ሰው ነው፣ እንዲህ ያለውን ሳይት ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ቀን የሌቭሊንግ ሥራው ተጠናቆ፣ ልኬቱ ተፈትሾና ተፈርሞበት ካለቀ በኋላ ወንድማችን ከትጋት ብዛት ማንም ያላዘዘውን ሁለት ነጥብ ጨምሮ ለካና መዝገቡ ላይ አስገባ። መሣሪያው በመካከሉ ተነክቶ ስለነበር አዲሶቹ ቁጥሮች ከቀሩት ጋር አልገጥም አሉ። ሁሉም እንደገና እንዲለካ ሆነ። ፎርማኑ መዝገቡን አየ፣ ሳቅ አለ፣ አራት ቃል ተናገረ። ሳይቱ ላይ የሚያስተረጉመው ልጅ ቻይንኛን ከሥራ ላይ የለቀመ ነውና ከአራቱ አንዷን ብቻ ያዘ። «እባብ ነህ እያለህ ነው» አለው።

በኛ አገር ሰውን እባብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አናስረዳም። ወንድማችን ሦስት ቀን ከፎርማኑ ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ቆየ፤ በአራተኛው ሻንጣውን ሊይዝ ነበር። የኢንተርንሺፕ ውጤቱን የሚፈርምለት ደግሞ ያው ፎርማን ነው። ከቻይኖች ጋር ብዙ ዓመት የሠራ አንድ ሾፌር ነው ያበረደው። «እባብ አላለህም፤ እግር አበዛህ ነው ያለህ» አለው። ይህም ቢሆን ለማንም አልገባም፤ ግን ቢያንስ ስድብ እንዳልሆነ ተገመተ።

ነገሩ የገባን ግቢ ከተመለስን በኋላ ነው። ፎርማኑ ያለው «ኋ ሸ ቲየን ዙ» ነው፤ ቃል በቃል «እባብ ስሎ እግር መጨመር»። ታሪኩ ከጥንቷ የቹ መንግሥት የመጣ ነው። ጥቂት አሽከሮች አንድ ጽዋ ይሰጣቸዋል። ለሁሉም አይበቃም፣ ለአንድ ሰው ግን ይተርፋል። መሬት ላይ ቀድሞ እባብ ስሎ የጨረሰ ይጠጣው ተባባሉ። አንዱ ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰና ጽዋውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ ጊዜ ስለተረፈው፣ በሌላው እጁ ለእባቡ እግር ይስል ጀመር። ይህን ሳይጨርስ ሁለተኛው ሰው ስሎ አበቃና ጽዋውን ነጠቀው፤ «እባብ እግር የለውም፤ አንተስ ከየት አመጣህለት?» ብሎ ጠጣው። (ጽዋው ውስጥ ያለው የወይን ጠጅ ነው። ሻይ ነው ብሎ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ግን የሌላን ሰው ታሪክ ለራስ እንዲመች ማረም አማና አይደለም።)

እንግዲህ ፎርማኑ ወንድማችንን ሲለው የነበረው «ቀድመህ ጨርሰህ ነበር፣ ሥራህ ጥሩ ነበር፣ ትርፉ አበላሸብህ» ነው። ግማሹ ምስጋና ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ስድብ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የመጣን ጥቂት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከዐስር በኋላ እየተገናኘን እነዚህን አባባሎች መቅራት ጀምረናል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወንድሞች «ዐረብኛችሁን ሳትጨርሱ ቻይንኛ?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዐረብኛችንንም አልጨረስንም። በሌላ በኩል ደግሞ «ቻይንኛ የምታውቅ ከሆነ ሥራ አታጣም» እያሉ ከመጠን በላይ ያበረታቱን አሉ። ለነዚህኛዎቹም እውነቱን እንንገራቸው፦ በአባባል ሥራ አይገኝም። ኤችኤስኬ የሚባለው የቻይንኛ ፈተና ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው፤ በቻይንኛ ለሚሰጥ ትምህርት ስኮላርሺፕ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ቢያንስ አራተኛው ደረጃ ይጠየቃል፤ አባባሎቹ በብዛት የሚመጡት ከዚያ በላይ ነው። እስከ አሥር መቁጠር ሳይችል በአባባል የሚያጌጥ ሰው እሱ ራሱ እባቡ ላይ እግር እየሳለ ነው። በቁም ነገር መማር የፈለገ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት የሚባሉትም አሉ። የኛ ሐለቃ ያንን አይተካም።

ታዲያ ለምን? እኛ የምናየው እንዲህ ነው።

ቻይናውያን «ቸንግዩ» የሚሏቸው አባባሎች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹ አራት ፊደል ብቻ ናቸው። አራቱን ፊደል እያንዳንዱን በመዝገበ ቃላት ብትፈታው «ጉቶ መጠበቅ ጥንቸል» የመሰለ ነገር ይወጣሃል እንጂ ትርጉሙ አይወጣህም። ትርጉሙ ያለው ከአራቱ ፊደል በስተጀርባ በተቀመጠው ታሪክ ውስጥ ነው። መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህ አዲስ አይሆንብንም። መትን ማለት ይኸው አይደል? አጅሩሚያን በልጅነታችን በቃላችን ስንይዝ ምኑም አልገባንም ነበር። ኡስታዛችን ሸርሑን ሲከፍቱልን ነው አንዷ መስመር ውስጥ ስንት ነገር ታጭቆ እንደነበር ያየነው። ቸንግዩ አራት ፊደል ያለው መትን ነው፤ ያለ ሸርሕ ባዶ ነው።

ዐረቦችም አላቸው። አንድ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ «በሑነይን ሁለት ጫማ ተመለሰ» ይላሉ። ሑነይን የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር፤ አንድ ገጠሬ ሲከራከረው ውሎ ሳይገዛው ይሄዳል። ሑነይን ተናዶ በመንገዱ ላይ አንዱን ጫማ እዚህ፣ ሌላውን ራቅ አድርጎ ጣለለት። ሰውየው የመጀመሪያውን አይቶ «ጥንዱ ቢኖር እወስድህ ነበር» ብሎ አለፈ፤ ሁለተኛውን ሲያገኝ ግመሉን አቁሞ ለመጀመሪያው ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ሑነይን ግመሉን ከነጭነቱ ይዞ ጠፋ። ታሪኩን ያልሰማ ሰው «ሁለት ጫማ ይዞ መጣ» ሲባል ጥሩ ገበያ የዋለ ይመስለዋል። አል-መይዳኒ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የዐረቦችን ምሳሌዎች ከነታሪካቸው የሰበሰቡት ለዚህ ነው።

ስለ ቻይናዎቹ ያነበብነውን ሁሉ አምነን የምንቀበል ግን አይደለንም፤ የአንዲት እህታችን አያት ይህን አስተምረውናል። እህታችን ቡታጅራ ለዓረፋ ስትሄድ ለአያቷ አንዱን ታሪክ በጉራጊኛ ነገረቻቸው። በጥንቷ የሶንግ አገር አንድ ገበሬ ነበር። ቡቃያው ቶሎ አላድግ አለው። አንድ ቀን ማሳው ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱን ቡቃያ በትንሽ በትንሹ ወደ ላይ ሳበው። ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ደክሞኛል፤ ቡቃያው እንዲያድግ ስረዳው ዋልኩ» አለ። ልጁ ሮጦ ሄዶ ሲያይ ሁሉም ጠውልጓል። «ያ ሚያው ጁ ጃንግ» ይባላል፤ መንግዚ የተባለው ፈላስፋ የተናገረው ነው፤ ትርጉሙም ያለ ጊዜው ማስቸኮል ነገሩን ይገድላል ማለት ነው።

አያት ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው «እንሰት እኮ ካልነቀሉት አያድግም» አሉ።

ልክ ናቸው። በጉራጌ ምድር እንሰት አንዴ ተተክሎ አይቀርም፤ ችግኙ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ እንደገና ይነቀላል፣ እየሰፋ በሚሄድ ርቀት እንደገና ይተከላል። ቆጮ ለመብላት ዓመታት ይጠበቃል፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ተክሉ ደጋግሞ ከሥሩ ይነሣል። እንዲህ ላሉ ሴት የቻይናው ገበሬ ጥፋት መንቀሉ ሳይሆን መልሶ አለመትከሉ ነው። እኛ አራታችን የምህንድስና ተማሪዎች ተቀምጠን አባባሉን ስናደንቅ ይህ ለአንዳችንም አልታየንም ነበር፤ የእንሰት ልጆች ሆነን! ምሳሌያዊ ትርጉም ከአየር ላይ አይነሣም፤ የሚበቅልበት አፈር አለው። የነሱ በጥራጥሬ ቡቃያ ላይ የቆመ ነው። በእንሰት ላይ ብታቆመው ይወድቃል። ለእንሰት አገር ሰው ያንኑ ሐሳብ ማስተላለፍ ከፈለግህ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብትለው ይሻላል። ሳይት ላይ ደግሞ ፎርምወርክ ያለ ቀኑ የሚያስነቅል ሰው ሲያጋጥመን ሁለቱንም እንልበታለን፤ ኮንክሪት 28 ቀን የሚቆጠርለት በከንቱ አይደለም።

በነገራችን ላይ ጉቶ ሥር ተቀምጦ ጥንቸል የሚጠብቀውም ሰው የሶንግ ሰው ነው። አንዲት ጥንቸል ስትሮጥ ከጉቶ ተጋጭታ ሞተችለት፤ ከዚያ ወዲያ ሞፈሩን ጥሎ ሌላ ጥንቸል ሲጠብቅ እርሻው ጠፋ። በጥንት ታሪኮቻቸው የሶንግ ሰው ሞኝ ሆኖ በብዛት ይመጣል፤ ጎረቤት መንግሥታት ይስቁበት ነበር። እኛም ስለ ጎረቤት ወረዳ የምናወራው አለን። የትኛው እንደሆነ ግን አንጽፍም፤ ግማሹ አንባቢ ከዚያ ነው።

አፈሩ ብቻ ሳይሆን ፍርዱም ይለያያል፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። «ዋንግ ያንግ ቡ ላው» የሚሉት አለ፤ «በግ ሲጠፋ በረት መጠገን»። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን እንደሰማ ወዲያው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ይተረጉመዋል። እኛም እንዲያ ነበር ያልነው። ከዚያ ታሪኩን አነበብን። የቹ ንጉሥ የአማካሪውን ምክር ንቆ ዋና ከተማውን ካጣ በኋላ አማካሪውን አስጠርቶ ምን ይሻላል ቢለው፣ በግ ከጠፋ በኋላም በረት ቢጠግኑ አልረፈደም አለው። ስለዚህ አባባሉ ማጽናኛ ነው። ቀሪዎቹ በጎች አሉ፤ ተነሥና ጠግን ማለት ነው። የኛው ግን ፌዝ ነው። ሥዕሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በረት፣ አውሬ፣ የረፈደ ሰው። ፍርዱ ግን ተቃራኒ ነው። አሁን አንድ የቻይና ኢንጂነር የተሰነጠቀ ግድግዳ አይቶ ለሠራተኛው ይህን ቢለውና አስተርጓሚው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያለህ ነው» ቢለው፣ «አይዞህ፣ እናስተካክለው» የተባለ ሰው «አንተ ውሻ» ተብሎ ይሄዳል ማለት ነው።

«ሳይ ዌንግ ሺ ማ» የሚሉትም እንዲሁ ያታልላል። ድንበር ላይ የሚኖር ሽማግሌ ፈረሱ ጠፋ። ጎረቤት ሊያጽናናው ሲመጣ «ደግ ነገር እንዳልሆነ በምን ታውቃላችሁ?» አለ። ፈረሱ ሌላ ምርጥ ፈረስ አስከትሎ ተመለሰ። እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት «መከራ እንዳልሆነ በምን ታውቃላችሁ?» አለ። ልጁ ከፈረሱ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ጦርነት መጣና ጎረምሶቹ ሄደው አብዛኞቹ ሲያልቁ ሽባው ልጅ ተረፈ። «አላህ ሳይደግስ አይጣላም» የሚለውን የኛን አባባል የሚያስታውስ ነው፤ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 216 ላይ ያለውንም ሐሳብ ያስታውሳል። ግን አንድ አይደሉም። የኛው ደጋሽ አለው፤ የሚያውቀው አላህ መሆኑ ተነግሮናል። ሽማግሌው «በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ዝም ይላል። «ይኸው የኛው ነው» ብሎ ማቅለጥ ለኛም ለነሱም ፍትሕ አይሆንም።

አሁን ወደ ርእሳችን። በቴሌግራም ቻናሎች «የቻይናውያን አባባል» ተብሎ የሚዞረውን ታውቃላችሁ፤ ሥዕል ታክሎበት፣ ጀንበር ስትጠልቅ የሚታይ ተራራ ተደርጎበት። እኛም አጋርተናል። «ለሰው ዓሣ ከምትሰጠው ማጥመድ አስተምረው» የሚለው በየስልጠናው ከቻይና ነው ይባላል፤ በጽሑፍ ተገኝቶ የሚታወቀው ግን በ1885 (እ.ኤ.አ.) አን ታከሪ ሪቺ ባሳተመችው የእንግሊዝ ልቦለድ ውስጥ ነው። «አንድ ሥዕል ከሺህ ቃል ይበልጣል» የሚለውም ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የማስታወቂያ ባለሙያ የቻይና ምሳሌ ነው ብሎ ካወጣው በኋላ ነው። ዕቃ ለመሸጥ ጥበብ የሚመስል ስም ያስፈልግ ነበርና።

በሌላ ሰው ላይ ከመሳቃችን በፊት ግን ወደ ራሳችን ሰሌዳ እንመልከት። «ዕውቀትን ፈልጉ፣ በቻይናም ቢሆን» የሚለውን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ነው ብሎ በፖስተር ያልለጠፈ የተማሪ ጀመዓ ካለ እንጃ። እኛው ራሳችን የሐለቃችንን ማስታወቂያ ስንጽፍ አናቱ ላይ እሱን ልናደርግ ነበር። አንድ ወንድም ኡስታዛችን ጋ ወስዶ አሳያቸው። ኡስታዛችን ሰነዱን ጠየቁት። አልነበረንም። አል-በይሀቂ ንግግሩ የታወቀ ሰነዱ ግን ደካማ መሆኑን መጥቀሳቸውን፣ ኢብኑል ጀውዚ ደግሞ ከፈጠራ ሐዲሶች መዝገባቸው ውስጥ ማስገባታቸውን ነገሩን። «ትርጉሙ ያምራል እኮ ኡስታዝ» ብንላቸው «ማማሩን ማን ጠየቃችሁ? ማን እንዳለው ነው የጠየቅኋችሁ» አሉን። ማስታወቂያው ያለ አናት ወጣ።

የሐዲስ ሰነድና የምሳሌ ሰነድ ክብደታቸው እኩል እንዳልሆነ እናውቃለን። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ያላሉትን መናገር ሌላ ነገር ነው። ልማዱ ግን አንድ ነው። ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን? ይህን ጥያቄ በልጅነታችን የሠለጠንንበት ሰዎች ለሰነፍ ፖስት የምንሸነፍ ከሆነ መድረሳ ምን አደረገልን? አሁን በሐለቃችን ሕጉ ይህ ነው፦ ታሪኩንና የተገኘበትን መጽሐፍ ሳይናገር አባባል ማቅረብ አይቻልም። ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ምንም ሳያቀርብ ተለያይተናል፤ ማፈር ነበረብን፣ አልሐምዱሊላህ አፈርን።

የቻይና ነገር ሁሉ ከእምነታችን ሩቅ የሚመስላቸው ካሉም፣ እዚያ ለዘመናት የኖሩ ሙስሊሞች አሉ። ዋንግ ዳይዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሊው ጂ ከሱ ቀጥሎ፣ ኢስላምን በጥንቱ የቻይና ሊቃውንት ቋንቋ አስረድተው ጽፈዋል። ደረሶቻቸው ደግሞ ቻይንኛን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እንደጻፉት ማለት ነው። ይህን ስናነብ እንደ ዘመድ ነው የተሰማን።

የጉራጌ ልጅ ሆኖ ሊያውቀው የሚገባ አንድ አባባል አለ፤ «ዩ ጎንግ ዪ ሻን»፣ «ሞኙ ሽማግሌ ተራራ ያነሣል»። ወደ ዘጠና የተጠጋ ሽማግሌ ደጁን የዘጉበትን ሁለት ተራሮች ከልጆቹ ጋር መቆፈር ጀመረ። ብልህ የተባለ ጎረቤት ሳቀበት። «እኔ ብሞት ልጄ አለ፣ የልጄ ልጅ አለ፤ ተራራው ግን አይጨምርም» አለው። ማኦ ዜዱንግ በ1945 (እ.ኤ.አ.) በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ንግግር አድርገውበታል። እኛ ሰምተነው ያሰብነው ግን የወላጆቻችንን ወላጆች ነው። በ1950ዎቹ በኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ የሚኖረው የጉራጌ ተወላጅ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ገንዘብ አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋመ፤ መንግሥት እስኪያመጣለት አልጠበቀም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የኛ አባባል ለዚህ የተሰፋ ይመስላል። ልዩነቱን አስተውሉ፤ የኛ አባባል ሸክሙን ለብዙ ሰው ያከፋፍላል፣ የነሱ ለብዙ ትውልድ። የመንገድ ምህንድስና የምንማር ሰዎች ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ መንገድ ሠርቶ ጥገናውን የሚረሳ አገር የሎሚውን ብቻ ነው የያዘው።

የሚያሳፍረን ሌላ ነገር አለ። ቻይናውያን የተናገሩትን በአራት ፊደል ለመያዝ እንቅልፍ የምናጣ ልጆች የአያቶቻችንን የጉራጊኛ ምሳሌ ተናገሩ ብንባል ከሦስት በላይ የሚቆጥር ከመካከላችን አንድም አልተገኘም። ሽማግሌዎች ጆካ ላይ ተቀምጠው ነገር ሲፈቱ የሚናገሩትን እንሰማለን፤ ቃሉ ይገባናል፣ ምሳሌው ያመልጠናል፤ ልክ እንደዚያ አስተርጓሚ ልጅ «እባብ» የምትለዋን ብቻ ይዘን እንወጣለን። ዐረብኛውን ከመድረሳ፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አግኝተናል፤ ይህን የሚያስተምረን ክፍል ግን የለም፤ ያለው በአያቶቻችን ዘንድ ነው። የቻይናው ጥናት ያስገኘልን ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይህን ጉድለት ማየታችን ነው።

ስለዚህ ሐለቃው ይቀጥላል፤ ማክሰኞ ከዐስር በኋላ፣ እህቶችም ወንድሞችም በየቦታቸው። ለመግባት ቻይንኛ ማወቅ አያስፈልግም። አንድ የቻይና አባባል ከነታሪኩ፣ አንድ ደግሞ ከቤት የመጣ ይዛችሁ ኑ፤ ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ፣ ማረቆኛ፣ የትኛውም ይሁን፣ ከማን እንደሰማችሁት ተናግራችሁ። ለጉቶና ለጥንቸሉ አባባል እስካሁን አቻ አላገኘንለትም። «ላም አለኝ በሰማይ» ተብሎ ቀርቦ ነበር፤ ግን ያች ላም ከመጀመሪያውም አልታየችም፤ የሶንጉ ሰው አንዲት ጥንቸል በእርግጥ በልቷል። የሚገጥም ያለው ካለ ያምጣልን።